የተማሪው ጽናት ሲለካ ዙሪያውም ይለካ
ለፖሊሲ ውይይት የቀረበ ንግግር



በጦርነትና በመፈናቀል ውስጥ ያለፉ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለመደገፍ የሚቀረጹ ፕሮጀክቶች ውጤታቸውን በቁጥር እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ። ለዚህ ከሚቀርቡት መለኪያዎች አንዱ «ሬዚሊየንስ» የሚባለው፣ መከራን ተቋቁሞ የመቀጠልና የማገገም ዐቅም ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መለኪያው ሳይመረመር ቁጥሩ የበጀት መሠረት ከሆነ፣ የተቋም ጉድለት በተማሪው የባሕርይ ድክመት ስም ሊመዘገብ ይችላል።

በስፋት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ ኮኖርና ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት መጠይቅ ነው። 25 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ድምሩም እስከ 100 ይደርሳል። ስለ ቅርብ ግንኙነትና ስለ እምነት የሚያነሣው ቢኖርም፣ በአመዛኙ የሚጠይቀው ስለ ግለሰቡ ነው፤ ለውጥን ስለ መላመዱ፣ ጫና ሲበዛበት አእምሮውን ስለ መሰብሰቡ፣ ሕይወቱን ስለ መቆጣጠሩ።

ይህን በአማርኛ ለመጠየቅ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያው ችግር ቃሉ ነው። «ጽናት» አለመናወጥን፣ «ትዕግሥት» መጠበቅን፣ «ቻይነት» ሳያሰሙ መሸከምን፣ «ማገገም» ወድቆ መነሣትን ያመለክታል። የተመረጠው ቃል መልሱን ይመራዋል። በተለይ ቻይነት በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚወደስ ጠባይ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ችግሩን የዋጠ ተማሪ ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። እርዳታ ያልጠየቀው በርትቶ ይሁን የሚያዋየው ሰው አጥቶ፣ ቁጥሩ አይለይም። በአንጻሩ የነገውን ለፈጣሪው ትቶ «እሱ ያውቃል» የሚል ተማሪ፣ ሕይወትን ስለ መቆጣጠር ሲጠየቅ ዝቅ ያለ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። ያንን ተማሪ ደግፎ ያቆመው ግን ይኸው እምነቱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ዙሪያው ነው። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች በአመዛኙ በማዕከል ይመደባሉ፤ ብዙዎችም ከቀያቸው ርቀው፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ወደማይነገርበት ከተማ ይሄዳሉ። እዚያ የሚደግፏቸው የዶርም ጓደኛ፣ የአገር ልጅ፣ የእምነት ኅብረት፣ የሲኒየር ተማሪ ምክር፣ ከቤት የሚላክ ጥቂት ብርና የወላጅ የስልክ ድምፅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የስልክና የባንክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። ቤተሰቡ እዚያ ያለ ተማሪ በዚያው ወቅት ተለክቶ ነጥቡ ቢወርድ፣ ባሕርዩ ተለወጠ ማለት አይቻልም፤ የተቆረጠው የሚደገፍበት ገመድ ነው።

የማኅበራዊ ትስስሩ ሌላ ገጽታም ሊዘነጋ አይገባም። የአገር ልጅነት አንዱን ሲያቅፍ ሌላውን ሊያገል፣ በግጭት ጊዜም ወደ ጎራ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ጓደኛ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ከራሱ ወገን ውጭ በችግር ጊዜ የሚጠራው ሰው መኖሩም መጠየቅ አለበት።

ይህን ዐይነት አሠራር የሞከረ መለኪያ አለ። በካናዳ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ኡንጋርና ባልደረቦቹ በ11 አገሮች ካሉ ወጣቶች ጋር ሠርተው ያዘጋጁት ባለ 28 ጥያቄ መለኪያ፣ ግለሰቡን፣ ከአሳዳጊዎቹ ጋር ያለውን ግንኙነት፣ እንዲሁም እምነትን፣ ትምህርትንና ባህልን የያዘውን ዐውድ ለየብቻ ይመለከታል። ለየአካባቢው የሚስማሙ ጥያቄዎች እንዲጨመሩም ቦታ ይሰጣል። መነሻ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ወጣቱ የሚያስፈልገውን ፍለጋ የመሄዱን ያህል፣ ዙሪያው ለባህሉ በሚስማማ መንገድ የማቅረብ ኃላፊነት አለበት።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ለውሳኔ ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ለእነዚህ ፕሮጀክቶች የሚመደብ ገንዘብ መለኪያውን ከተማሪዎቹ ጋር ለማዘጋጀትና በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አስቀድሞ ለመፈተን የሚውል ድርሻ ይኑረው። የቃል ትርጉም ብቻውን በቂ ተደርጎ አይወሰድ።

ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ነጥብ ብቻውን ሪፖርት አይደረግ። በግቢው ስንት የሥነ ልቦና አማካሪዎች እንዳሉ፣ ምግብና መኝታ መሟላታቸው፣ የግቢው ሰላምና ከቤተሰብ ጋር የመገናኘት ዕድል አብረው ይቅረቡ።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ ለስኮላርሺፕ መምረጫ ወይም ክልሎችንና ብሔረሰቦችን ለማወዳደሪያ አይዋል። የመልስ ሰጪዎች ማንነትም በጥብቅ ይጠበቅ፤ በግጭት ውስጥ ባለ አገር የትውልድ ቦታን የያዘ መዝገብ ያላግባብ እጅ ከገባ ተማሪውን ለአደጋ ያጋልጣል።

በቀጣዩ የበጀት ውይይት ላይ «ተማሪዎቹ ምን ያህል ይችላሉ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ፣ «የሚሸከሙት ምንድን ነው? ከጎናቸውስ ማን አለ?» የሚለውም በዚያው ገጽ ላይ እንዲሰፍር አደራ ይባላል።