ሞተር ከመለወጥ በፊት ካምቢዮን መምረጥ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ተራ ስለሚመስል ነገር፣ የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ የናፍጣ ሞተር ስለሚገባለት ፒካፕ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ የጋራዥ ወሬ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ንግግር ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በፊዚክስ ትምህርት የምንማራት አንዲት ቀላል ስሌት በጊዜዋ ባለመሠራቷ፣ የአንድ ቤተሰብ ሀብት በአንድ ዳገት ላይ ሲጠፋ ስላየሁ ነው ይህን ርእስ የመረጥሁት።

አጎቴ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ እህል የሚያመላልስበት አንድ የቤንዚን ፒካፕ ነበረው። ቤንዚኑ ትርፉን ቢበላበት፣ ከትንሽ የጭነት መኪና የወጣ ባለ አራት ፒስቶን የናፍጣ ሞተር ገዛ። ካምቢዮውም መለወጥ ይገባው እንደሆነ መካኒኩን ቢጠይቀው «የሁለቱ ሞተሮች የፈረስ ጉልበት እኩል ነው፤ አሮጌው ካምቢዮ ይበቃል» አለው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ ብረት ተቆርጦ ተበየደ፤ ገጠመም። አራት ወር ያህልም ሠራ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እህል እንደ ጫነ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ፣ የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ ረገፈ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር አጎቴ ፍሬኑን ባለ ኃይሉ ረገጠ፤ ረዳቱም ዘሎ ወርዶ ትልቅ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። ለጥገናው ግን ሁለት በሬ ተሸጠ።

የመካኒኩ ስሕተት ከምን መጣ? የፈረስ ጉልበት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ ይኸውም የማዞር ኃይልና የዙር ፍጥነት። አንድ የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 4800 ዙር እየዞረ 60 ኪሎዋት ቢሰጥ፣ የማዞር ኃይሉ 119 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የናፍጣ ሞተር ያንኑ 60 ኪሎዋት በ2400 ዙር ቢሰጥ ግን የማዞር ኃይሉ 239 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ጉልበቱ እኩል ነው፤ በማርሹ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ሸክም ግን እጥፍ ነው። ካምቢዮን የሚሰብረው ይህ የማዞር ኃይል ነው። በዚያ ላይ ናፍጣ በከፍተኛ እመቃ ስለሚቃጠል፣ ባለ አራት ፒስቶኑ ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ እንደ መዶሻ ይመታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ካምቢዮ ስንት ኒውተን ሜትር ይሸከማል?» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ የማርሾቹ ምጣኔ ነው። የጭነት መኪና ሞተር በዝግታ እንዲሠራ የተበጀ ነው። ጎማው በአንድ ዙር 2.2 ሜትር የሚሄድ፣ ዲፈረንሻሉም 4.1 የሆነ ፒካፕ እናስብ። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር፣ በቀጥታው ማርሽ መኪናው በሰዓት 64 ኪሎሜትር ይሄዳል። ካምቢዮው 0.73 የሆነ አምስተኛ ማርሽ ቢኖረው ግን በዚያው ዙር 88 ኪሎሜትር ይሄዳል። አጎቴ ይህ ማርሽ ስላልነበረው በሜዳው መንገድ ሞተሩን ሲያስጮኽ ይውል ነበር፤ ከናፍጣው አተርፋለሁ ያለውንም ግማሹን እንኳ አላተረፈም።

ይህን ነገር ትልልቅ ፋብሪካዎችም አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የከሚንስ ባለ 5.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር በአሜሪካ የዶጅ ፒካፕ ውስጥ ገባ። የፈረስ ጉልበቱ 160 ብቻ ሲሆን፣ የማዞር ኃይሉ ግን ወደ 540 ኒውተን ሜትር ይደርስ ነበር። አውቶማቲክ ካምቢዮው ባለ ሦስት ማርሽ ስለ ነበረና ከቀጥታው የሚያልፍ ማርሽ ስላልነበረው፣ መሐንዲሶቹ ዲፈረንሻሉን 3.07 አድርገው ዙሩን ቀነሱ። በኋላ አራተኛ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ሲመጣ ዲፈረንሻሉም ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ኤንቪ 4500 የተባለው ባለ አምስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ገባ፤ አንደኛው ማርሽ 5.61 ሲሆን፣ አምስተኛው ከቀጥታው የሚያልፍ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል በአንድ ስሌት የሚመረጡ መሆናቸውን ነው።

ለእኛ አገር መንገድ ደግሞ አንደኛው ማርሽ ከአምስተኛው ያላነሰ ጉዳይ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ለመነሣት ከባድ አንደኛ ማርሽ ያሻዋል። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድም እንዲሁ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ መኪናውን ይይዛል። የናፍጣ ሞተር በአብዛኛው እንዲህ ያለ መዝጊያ ስለሌለው አያያዙ ይለያል። ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ በሚወረድበት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳ የሚጠብቀው ዝቅተኛው ማርሽ ነው።

የመግጠሙ ነገር የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጋጠሚያው ብረት በብየዳ ግምት ሳይሆን በቶርኖ መሠራት አለበት፤ የካምቢዮው ዘንግ ከሞተሩ ማእከል የሚሊሜትር አሥረኛ ያህል እንኳ ቢያፈነግጥ ኩሽኔታውንና ፍሪሲዮኑን ይበላል። የፍሪሲዮኑ ዲስክም ለአዲሱ የማዞር ኃይል የሚበቃ ይሁን። አውቶማቲክ ለሚመርጥ ሰው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከድሮዎቹ አንዳንዶቹ ማርሽ የሚለውጡት በቤንዚን ሞተር የአየር መሳብ ኃይል እየተመሩ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ያንን ስለማይሰጥ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ በትክክል አይሠሩም።

ከሁሉ የሚሻለው፣ የሚገኝ ከሆነ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከአንድ መኪና አብሮ መግዛት ነው። በመግዣው ጊዜ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከሁለት በሬ ግን ይረክሳል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ያንን መካኒክ ለመውቀስ አልመጣሁም። እጁ ከእኔ እጅ እጅግ የሠለጠነ ነው። የጎደለው በወረቀት ላይ የሚሠራ የአሥር ደቂቃ ስሌት ነበር። እኔ ስሌቱን ተምሬው ነበር፤ ነገር ግን በበዓል ወደ ቤት ስሄድ አጎቴን ስለ ሞተሩ አንድ ቃል እንኳ አልጠየቅሁትም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንላለን። እኛ ግን ተምረን ዝም ካልን ትምህርታችን ለማን ይሆናል? በሚመጣው ዕረፍት በየሰፈራችን ወዳሉት ጋራዦች እርሳስና ወረቀት ይዘን እንሂድ፤ ከሠራተኞቹ እንማር፣ የምናውቀውንም እናካፍላቸው።