የቅድመ አያቴ ሁለት ስሞች፦ የቤተሰብን ታሪክ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ መፈለግ



አባቴ ባረፉ ጊዜ አጋሮ ከሚገኘው ቤታቸው፣ ከአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በ1930ዎቹ የተቆረጠ የመሬት ግብር ደረሰኝ አገኘሁ። የግብር ከፋዩ ስም በልጅነቴ እንድቆጥር ከተማርኳቸው አባቶች መካከል አልነበረም። አጎቴ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው «ይህ የእኛ ሰው አይደለም» አሉኝ።

በሌላ አገር ቢሆን የልደት መዝገብ ይገለጥ ነበር። እኛ ዘንድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ ድንጋጌዎቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ቆይተው አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጅማ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። የቤተሰቤን ስም የያዘ መጽሐፍ አላገኘሁም፤ አልጠበቅሁምም። ያገኘሁት አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ኸርበርት ልዊስ ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን ጥናት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1878 የነገሡትን ዳግማዊ አባ ጅፋርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «አባ ጅፋር» ግን የፈረስ ስም ነው፤ የተጸውኦ ስማቸው ቱሉ ነበር። ይህን ሳነብ ደረሰኙ ትዝ አለኝ። ወደ አጋሮ ተመልሼ «ማን ነው?» ማለቱን ትቼ «ቅድመ አያታችን ፈረስ ሳይኖራቸው በፊት ማን ይባሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ሳያመነቱ በደረሰኙ ላይ ያለውን ስም ጠሩ። እኛ የቆጠርነው የፈረሱን ስም ነበር፤ ግብር ሰብሳቢው የጻፈው የሰውየውን። (በነገራችን ላይ፣ ከእናንተ መካከል የቆየ ወረቀት የምትመረምሩ ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እኔ በዚህ ስሕተት አንድ ወር አባክኛለሁ።)

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ዳሩ ግን ያው የጅማ ታሪክ ስለ ሂርማታ ገበያም ይናገራል። ዛሬ የጅማ ከተማ ባለበት በዚያ ገበያ ከከፋና ከሌሎች የደቡብ አገሮች የመጡ ሰዎች ይሸጡ ነበር። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአባቴ ትውልድ ሕፃን በነበረበት ጊዜ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ፦ የምንቆጥረው ሁሉ ወንድ ነው። የዚያ ባለ ፈረስ ሰው ሚስት ማን ነበሩ? ከየት መጡ?

የአባቴ እኅት፣ አዳዳ የምላቸው፣ በሕፃንነታቸው አያታቸውን አይተዋል። ቀድሞ ስጠይቃቸው «ከከፋ ነው የመጡት» ብለው ያልፉት ነበር። በዚህ ጊዜ ግን «በጋብቻ ነው ወይስ በገበያ?» አልኋቸው። ቡናውን ቀድተው እስኪጨርሱ ዝም አሉ።

«በገበያ» አሉ። «ስማቸውንም አውቃለሁ፤ እዚህ ያወጡላቸውን ሳይሆን እናታቸው ያወጡላቸውን። ነገር ግን ልጆቼ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእኔ አፍ ይስሙት። እስኪሰሙ አትጻፈው።»

ሁለቱ ልጆቻቸው ሰምተዋል፤ ሦስተኛዋ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ትመጣለች። በማስታወሻ ደብተሬ የዚያ ስም መስመር እስከዚያው ባዶ ነው።