ለአንድ የባቡር መካኒክ መታሰቢያ



ዛሬ የማነሣው፣ በድሬዳዋ በቀድሞው የምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ከጡረታ በኋላ ያለ ደመወዝ ቅርሱን ሲጠብቁና ጎብኚ ሲያስተናግዱ ስላረፉት አዛውንት መካኒክ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ግን ለጎብኚ ቁጥር አይደረድሩም ነበር። ቶርኖውን በዘይት አብሰው፣ በኩርባ ላይ ጠርዙ የተበላ መንኮራኩር እንዴት ተልጎ ቅርጹ እንደሚመለስ በእጃቸው ያሳያሉ። እኔም ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ የተማርሁት ከእርሳቸው ነው፤ መምህራኖቼ ይቅር ይበሉኝ።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ከተመረቀ በኋላም ወርክሾፑን አልተዉትም። የመለዋወጫዎችን ስም በፈረንሳይኛና በአማርኛ ያሰፈሩበት ደብተር ቀርቶልናል፤ ግማሹ ገጽ ግን ባዶ ነው። የሥራ ጓደኞቻቸው በሕይወት ሳሉ ማኅበራችን ያስሞላው ዘንድ በአክብሮት አሳስባለሁ።