የደካማው መርከብ ድምፅ፦ በአንድ ቻናል ላይ የተደራረቡ ሲግናሎችን ስለ መለያየት

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገረው በአንድ ቻናል፣ በአንድ ጊዜ ተልከው ተቀባዩ ዘንድ ተደራርበው ስለሚደርሱ የሬዲዮ ሲግናሎች ነው። ጉዳዩ በማናቸውም የሽቦ አልባ መገናኛ ውስጥ አለ። እኔ ግን ንግግሬን በአንድ ሥርዓት ላይ አቆማለሁ፤ እርሱም መርከቦች ማንነታቸውንና ያሉበትን ሥፍራ የሚያስታውቁበት፣ ኤ.አይ.ኤስ. የተባለው አውቶማቲክ የመለያ ሥርዓት ነው። የመረጥሁትም ችግሩ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሳይሸፋፈን ስለሚታይ ነው።

በዓለም አቀፍ ጉዞ የተሰማሩ፣ 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ይህን መሣሪያ እንዲይዙ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ያስገድዳል፤ ግዴታው እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በሙሉ ተፈጻሚ ሆኗል። መሣሪያው በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ 9600 ቢት ይልካል። በእያንዳንዱ ቻናል አንድ ደቂቃ በ2250 የጊዜ ክፍሎች ተከፍሏል፤ አንዱ ክፍል 26.67 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን 256 ቢት ይይዛል። ተራ የሚያስጠብቅ አለቃ የለም። መርከቦቹ እርስ በርስ እየተደማመጡ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚናገር ራሳቸው ይወስናሉ። በሚደማመጡበት ርቀት፣ ማለትም በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ፣ ይህ አሠራር እጅግ የሚደነቅ ነው።

ችግሩ የመጣው ሳተላይት ከላይ ሆኖ ማዳመጥ ሲጀምር ነው። በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት እስከ አድማስ የሚያየው ክብ ከዳር እስከ ዳር ከ5000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በቀይ ባሕር ያለ መርከብና በአረብ ባሕር ያለ መርከብ አይደማመጡም፤ ያንኑ የጊዜ ክፍል ቢመርጡ አይፈረድባቸውም። ሳተላይቱ ግን ሁለቱንም በአንድነት ይሰማል። በዚያ ላይ የመንገዱ ርዝመት አንድ አይደለም። ከሳተላይቱ ሥር የተነሣ ሞገድ በ2 ሚሊሰከንድ ሲደርስ፣ ከአድማስ የተነሣው ከ9 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በአጎራባች ክፍሎች የተናገሩት እንኳ እርስ በርስ ይነካካሉ።

ማን ነው የሚጎዳው? ትልቁ መርከብ በ12.5 ዋት ይናገራል፤ ትናንሽ ጀልባዎች የሚይዙት ቀለል ያለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ 2 ዋት ነው። ትልቁ ከሳተላይቱ 1000 ኪሎ ሜትር፣ ጀልባው 2800 ኪሎ ሜትር ቢርቁ፣ የርቀቱ ልዩነት ብቻ 8 እጥፍ ገደማ የኃይል ብልጫ ለትልቁ ይሰጣል። የዋቱ ልዩነት ሲጨመርበት ብልጫው 50 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ጀልባው የሚናገረው 50 እጥፍ በሚበልጠው ጩኸት ሥር ነው። አደጋ ላይ ቢወድቅ ፈጥነን ልናውቅለት የሚገባን ግን እርሱን ነው።

የቀደመው አስተሳሰብ ይህን «ግጭት» ብሎ ያልፈዋል። ኖርማን አብራምሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐዋይ አሎሃ ሥርዓት ሲጽፍ፣ ተራ ሳይጠብቁ የሚልኩ ጣቢያዎች ቻናሉን በተሳካ መልእክት መሙላት የሚችሉት ቢበዛ 18.4 በመቶ ድረስ መሆኑን አሳየ። ስሌቱ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን መነሻው ነው፤ የተጋጩ መልእክቶች ሁሉም ጠፍተዋል ተብሎ ተቆጥሯል። ይህ የተቀባዩ ድክመት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሞገዶች ይደመራሉ እንጂ አይሰባበሩም። አንቴናው ላይ የደረሰው ድምር ነው፤ ድምር ደግሞ አንዱን ተደማሪ በትክክል ያወቀ ሰው ሌላውን ያገኝበታል።

ይህን ለማስረዳት ከንባብ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሃያ ሠላሳ ተማሪዎች በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱ የየራሱን ምዕራፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። እንግዳ ሰው የሚሰማው ጫጫታ ነው። የኔታ ግን ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ «አንተ፣ መልሰህ በል» ብለው ከመካከል አንዱን ያርማሉ። ከእንግዳው የሚለያቸው የጆሮ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ንባቡን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። የሚጠበቀውን ከሚሰማው ላይ ሲያነሡት ስሕተቱ ብቻውን ይቀራል።

ተከታታይ ቅነሳ የምንለው ዘዴም ከዚህ አይርቅም። በመጀመሪያ ጠንካራው ሲግናል ይነበባል፤ ደካማው ለጊዜው እንደ ኖይዝ ይቆጠራል። የተነበቡት ቢቶች በመልእክቱ መጨረሻ ባለው ባለ 16 ቢት ማረጋገጫ ይፈተሻሉ። ካለፉ፣ ያ መርከብ የላከው ሞገድ በኮምፒውተር እንደ አዲስ ይሠራል፤ ከተቀበልነው ድምር ላይም ይቀነሳል። በቀረው ላይ ያው ሥራ ይደገማል።

ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ቢቶቹን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የሞገዱ ከፍታ፣ የደረሰበት ቅጽበት፣ ፍሪኩዌንሲውና ፌዙ በትክክል መታወቅ አለባቸው። (ፌዝ በአማርኛችን ሌላ ትርጉም ያለው መሆኑ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስቃቸዋል፤ ቀልድ የማያውቀው ግን እርሱ ነው።) የጠንካራውን ከፍታ በ10 በመቶ ብንስት፣ ከቅነሳው በኋላ የሚቀረው ኃይል የጠንካራው አንድ መቶኛ ነው። ጀልባችን አንድ ሃምሳኛ ነበር፤ ስለዚህ የራሳችን ስሕተት የጀልባውን ግማሽ ያህላል። በ20 በመቶ ብንስት ቅሪቱ የጀልባውን እጥፍ ይሆናል፤ ጀልባውን ከመርከቡ አድነን በስሕተታችን ውስጥ ቀበርነው ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲውን በ1 ኸርዝ ብቻ ብንስት እንኳ፣ ፌዙ በአንድ የጊዜ ክፍል ርዝመት ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይንሸራተታል። ጠንካራው ሲግናል መቀበያውን ካጥለቀለቀው ደግሞ ድምሩ ድምር መሆኑ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ስሌት አያድነንም።

የሳተላይቱ ፍጥነት እዚህ ላይ ያግዘናል። በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ከፊቱ ያሉት መርከቦች ፍሪኩዌንሲ ከፍ፣ ከኋላው ያሉት ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ልዩነቱ በየአቅጣጫው ወደ 4 ኪሎኸርዝ ሊጠጋ ይችላል። ቻናሉ 25 ኪሎኸርዝ ስለሆነ በማጣሪያ ብቻ አይለያዩም፤ ይሁን እንጂ የትኛው ሞገድ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጥሩ ምልክት ነው።

ሁለቱ እኩል ጉልበት ሲኖራቸው ግን ተከታታይ ቅነሳ ይሰናከላል፤ ማንን አስቀድሞ ያንብብ? ሰርጂዮ ቨርዱ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሥራ ሁሉንም በአንድነት መርምሮ የተሻለውን ውሳኔ የሚሰጥ መቀበያ አሳይቷል። ዋጋው ውድ ነው፤ አንድ ተናጋሪ በተጨመረ ቁጥር ስሌቱ እጥፍ ይሆናል። ብዙ አንቴናዎችን መደርደርም ይቻላል፤ ነገር ግን በ162 ሜጋኸርዝ ግማሽ የሞገድ ርዝመት 93 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የትናንሾቹ ሳተላይቶች መለኪያ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ኩብ ነው።

አንድ ክርክር ላንሣ። የመቀበያን ብቃት ባነበበው የመልእክት ብዛት መለካት ያሳስታል እላለሁ። ትልቅ መርከብ በጉዞ ላይ በየ2 እስከ 10 ሰከንድ ይናገራል፤ አሥሩ ቢጠፉ አሥራ አንደኛው ይበቃዋል። ትንሹ ጀልባ ሲጓዝ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚናገረው፤ ሳተላይቱም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። መልእክት ብንቆጥር ጯሂውን ደጋግሞ የሰማ መቀበያ ያሸንፋል። መቆጠር ያለበት ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሰማ መርከብ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ አብዝቶ መሞከርም አደጋ አለው። ባለ 16 ቢት ማረጋገጫ በዘፈቀደ የመጣን ስሕተት ከ65,536 አንድ ጊዜ ያሳልፋል። በሁለቱ ቻናሎች በደቂቃ 4500 የጊዜ ክፍሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ 15 የተሳሳቱ ግምቶችን ብንሞክር በአማካይ በየደቂቃው አንድ የሌለ መርከብ እንፈጥራለን። የሌለን መርከብ ፍለጋ የወጣ ነፍስ አድን ጀልባ ያለውን አይደርስለትም።

ይህን ለመለማመድ ባሕር አያስፈልግም። ከራሳችን በላይ የሚያልፉ አውሮፕላኖች በ1090 ሜጋኸርዝ፣ ተራ ሳይጠባበቁ፣ 112 ቢት የያዙና 120 ማይክሮሰከንድ የሚፈጁ መልእክቶችን ይልካሉ። በርካሽ የዩኤስቢ ሬዲዮ መቀበያና በአንድ ላፕቶፕ ይቀረጻሉ። ሁለት የተደራረቡበትን ቅጂ ፈልጉ፤ ጠንካራውን አንብባችሁ ቀንሱ። ከሥሩ ሌላ አውሮፕላን ካገኛችሁ ወዲያው አትመኑት፤ ሥፍራውን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ስለሚናገር ቀጣዮቹን ሰከንዶች ፈትሹ። እውነተኛ ከሆነ እዚያው መስመር ላይ ይጠብቃችኋል።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።