ሐዋሳ ላይ ዓሣ የት እንብላ?

እሱ፦ ሐዋሳ ስንሄድ የት እንብላ ላላችሁን አድማጮች፣ እኔ ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን እላለሁ፤ ሌላው ይቆይ።

እሷ፦ ሰው ይበዛል እኮ!

እሱ፦ በጠዋት ሂጂያ! ጀልባዎቹ ገብተው ዓሣው ከመረብ ሲፈታ ትደርሻለሽ። ቆሮሶውን ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑን ተልትለው ይጠብሱልሻል። በዳጣ ነው እንግዲህ!

እሷ፦ ዳጣው ለብቻው ይምጣ በሉ፣ ያቃጥላል። እኔ ሾርባውን አስቀድማለሁ። ጥሬውን የሚደፍሩም አሉ።

እሱ፦ አንቺስ?

እሷ፦ ኧረ በማርያም! የተጠበሰው ይበቃኛል። አባ ኮዳዎቹንም እንዳትረሳ፤ ቁመታቸው ከሜትር ያለፈ አሞሮች አጠገባችሁ ተገትረው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ።

እሱ፦ እነሱም ቦታውን ያወቁት በጓደኛ ጥቆማ ይሆናል።

እሷ፦ (እየሳቀች) ይሆናል! እናንተ ግን ዋጋውን ዓሣው ዘይት ውስጥ ሳይገባ ተስማሙ።