ከሲዲ አልነሳ ያለ አሮጌ ኮምፒዩተር



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ነው። በማኅበር ጽሕፈት ቤት ጥግ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ የተቀመጠ ኮምፒዩተር አይታችሁ ይሆናል። አንድ ቀን ሥራ ያቆማል። ጸሐፊው እንደገና ሊያስነሣው ሲዲ ያስገባል። ኮምፒዩተሩ ግን ሲዲውን እንዳላየ ያልፈዋል። ከዚያ ወዲያ «ሞቷል» ተብሎ ይተዋል።

ከሲዲ አልነሳ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ ግን የሞተ አይደለም። ደግሞም በሆዱ የማኅበሩን መዝገብ ይዟል። ማን ስንት ኩንታል እንዳስገባ፣ ማን የማዳበሪያ ዕዳ እንዳለበት፣ ማን የዕጣ ገንዘብ እንደከፈለ እዚያ ተጽፏል። ይህ የእኛው ላብ ነው።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? በውስጡ ማዘርቦርድ የሚባል ሰፊ ሰሌዳ አለ። ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩት በእሱ ላይ ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ ባዮስ የሚባል አጭር መመሪያ ይገኛል። ባዮስ እንደ መልእክተኛ ነው። «መጀመሪያ ይህን ደጅ አንኳኳ፤ የሚከፍትልህ ካጣህ ወደ ቀጣዩ ሂድ» ተብሎ ተራ ተሰጥቶታል። አንዱ ደጅ ሃርድ ዲስኩ ነው፤ መዝገባችን የሚቀመጥበት ጎተራ ማለት ነው። ሌላው ደጅ የሲዲ ማንበቢያው ነው። የሃርድ ዲስኩ ተራ ቀድሞ ከዚያ የሚከፍትለት ካገኘ፣ መልእክተኛው ወደ ሲዲው አይሄድም። ሲዲው ገብቷል፤ ደጁን ግን ማንም አላንኳኳም።

እንግዲህ ተራውን መለወጥ ነው። ኮምፒዩተሩ እንደበራ ወዲያው በአብዛኛው ዴሊት ወይም ኤፍ 2 የሚባለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ነው። የባዮስ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ሲዲውን ከሃርድ ዲስኩ ማስቀደም፣ ከዚያም ሳያስቀምጡ አለመውጣት። በአንዳንዱ ኮምፒዩተር ኤፍ 12ን ሲጫኑ ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ደጁን ያስመርጣል።

ተራው ተስተካክሎም ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። በጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ብቅ ትላለች። ትርጉሟ «ከሲዲ ለመነሳት ማናቸውንም ቁልፍ ተጫን» ማለት ነው። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ትቆያለች። ዝም ካሏት ኮምፒዩተሩ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይሄዳል። ሰውም «ሲዲው አልሠራም» ይላል። ማንበብ በማይችሉት ጽሑፍ መታዘዝ ምን እንደሚመስል እኛ ፊደል ዘግይተን የቆጠርን ሰዎች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ስለዚህ የዚያችን መስመር ትርጉም በአማርኛ ጽፎ ከስክሪኑ አጠገብ መለጠፍ ቀላል ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ተራውን ዛሬ አስተካክላችሁ፣ ነገ ከረሳውና ሰዓቱና ዓመተ ምሕረቱም ወደ ኋላ ከተመለሰ ባትሪውን ተጠራጠሩ። በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች። ብዙውን ጊዜ ቁጥሯ 2032፣ ኃይሏም 3 ቮልት ነው። እሷ ስትደክም መልእክተኛው የተሰጠውን ተራ ይረሳል። ባትሪዋን ለመቀየር ግን መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከመብራት መንቀል ግድ ነው። ገመዱ የሚሰካበትን፣ ማራገቢያ ያለበትን የብረት ሣጥን ደግሞ ፈጽሞ አትክፈቱ። ከመብራት ተነቅሎም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሲዲውስ ደህና ነው? የውድማና የመንገድ አቧራ ጠላቱ ነው። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሃሉ ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ እንጂ ዙሪያውን ማሸት አይገባም። ከዚያ በሌላ ኮምፒዩተር ይሞከር። እዚያ ከሠራ፣ ጥፋቱ የማንበቢያው ሊሆን ይችላል። ዲቪዲም ከሲዲ ጋር መንታ ይመስላል፤ ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር 12 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ሲዲ ብቻ የሚያነብ አሮጌ ማንበቢያ ግን ዲቪዲን አያውቀውም። ከ1987 ዓ.ም. በፊት የተሠሩትማ፣ ከሲዲ የመነሳት ሥርዓት ገና ያልወጣላቸው ስለነበሩ፣ በፍሎፒ ነበር የሚነሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሲዲው ሠርቶ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ሁሉም ደስ ይለዋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ፕሮግራም የሚጭን ሲዲ በመሃል «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ፎርማት ማድረግ ማለት ጎተራውን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው። የቸኮለ ሰው «እሺ» የሚለውን ይጫናል። ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የአባላቱ ሒሳብ ግን የለም። ዕዳውን የከፈለ ገበሬ በምን ያስረዳል?

ስለዚህ ጠጋኝ ሲመጣ፣ ጸሐፊውም ሊቀ መንበሩም አጠገቡ ይቁሙ። «መዝገቡን አስቀድመህ ወደ ፍላሽ ገልብጥልን» ይበሉት። ሊኑክስ ከሚባሉት ፕሮግራሞች መካከል ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ኮምፒዩተሩን ከሲዲ የሚያስነሱ አሉ። በእነሱ ተነሥቶ መገልበጥ ይቻላል። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ እንቢ ቢል እንኳ ሃርድ ዲስኩን በካቻቢቴ ፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት አለ። ዲስኩ ራሱ ካልተበላሸ መዝገቡ ይነበባል። የተገለበጠውን ከፍቶ፣ የጥቂት አባላትን ሒሳብ በእጃቸው ካለው ደረሰኝ ጋር አስተያይቶ፣ ከዚያ በኋላ «እሺ» ማለት ይቻላል።