ደንበኛው ሲከፋው ወዴት ይሄዳል?

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከክልል ከተሞች ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ የመጣችሁ የሬዲዮ ባልደረቦቼ፣ በሸማቾች መብት ላይ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፤

የሥልጠናውን ሁለት ቀናት የምናሳልፈው ስለ ኢትዮ ቴሌኮምና ስለ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እየተነጋገርን ነው። የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ግን ለሻይ ሰዓት እንተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ደንበኛው ሲከፋው ጥሎ መሄድ ይችላል ወይ?

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስም ስንት ጊዜ ቢቀየርም አገልግሎቱ ከመንግሥት እጅ ሳይወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ እንኳ ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ እንደነበረ ከመካከላችሁ የሚያስታውስ አይጠፋም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ሞክሮ፣ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ዋጋን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ የቀነሰው በነሐሴ 2010 ነበር። ያኔ በገበያው ውስጥ ተፎካካሪ የሚባል አልነበረም። የነበረው፣ ዘርፉ ለሌሎችም ሊከፈት ነው የሚለው ከጥቂት ወራት በፊት የተሰማ ውሳኔ ነው። የአስተዳደር ለውጥም ስለነበረ ቅናሹን በሙሉ ለፉክክር አልሰጥም። ቢሆንም ደንበኛው ነገ ሌላ በር ሊያገኝ እንደሚችል መታወቁ ብቻ ዋጋ የሚያንቀሳቅስ ይመስለኛል።

ያ በር ሲከፈት፣ በ2013 ጨረታ የወጣው ለሁለት የቴሌኮም ፈቃዶች ነበር። የቀረቡት ሁለት ተጫራቾች ናቸው። በሳፋሪኮም የሚመራው ኅብረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ አሸነፈ፤ የኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ግን አነሰ ተብሎ ተቀባይነት አጣ፤ ሁለተኛው ፈቃድም ባለቤት ሳያገኝ ቀረ። በዚያው ዓመት ግንቦት የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ ሥራ ጀመረ። የሳፋሪኮም ኤምፔሳ የመጣው ደግሞ ለብቻው ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበት፣ በነሐሴ 2015 ነው። በመካከሉ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባለሱቁ፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ ነዳጅ ማደያው አንዱን መተግበሪያ ለመዱ። ደመወዙ የሚገባው፣ ነዳጅ የሚቀዳው፣ የዕቁቡን ድርሻ የሚከፍለው በአንድ የስልክ ሂሳብ የሆነ ሰው ኔትወርክ ስለተቆራረጠበት ብቻ በቀላሉ አይነሳም።

ቁጥሩም ራሱ ይይዘዋል። በ09 የሚጀምር ቁጥሩን በሱቁ በር ላይ በቀለም ያስጻፈ ነጋዴ ወደ 07 ሲዞር ደንበኞቹን እንደገና መሰብሰብ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን መካከለኛውን መንገድ ያዝን፤ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ገዝተን ለጥሪ አንዱን፣ ለኢንተርኔት ሌላውን። እዚህ ላይ ለጋዜጠኞች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሁለቱ ድርጅቶች የሚያወጡትን የደንበኛ ብዛት ደምራችሁ “ይህን ያህል ሕዝብ ስልክ አለው” ብላችሁ አትዘግቡ። ሁለት ሲም የያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

ይህም ቢሆን የከተማ ወግ ነው። አንድ ምሰሶ ብቻ በቆመበት ወረዳ ምርጫ የለም። ሁለተኛው ድርጅት እዚያ መድረሱ የሚወሰነው ሬዲዮ ላይ ለማውራት በማይመቹ ጉዳዮች ነው፤ ምሰሶና ፋይበር በምን ዋጋ ይከራያል? መብራት አለ? መንገዱ ሰላም ነው? ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ሲደወል ተቀባዩ ድርጅት ስንት ያገኛል? በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከባዱ ሥራው እዚህ ላይ ነው። ዳኛውም መንግሥት ያቋቋመው፣ ከተጫዋቾቹም አንዱ የመንግሥት ነው። በ2017 ከኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶው በአንድ አክሲዮን 300 ብር ለሕዝብ ሽያጭ ቢቀርብም ይህ አልተለወጠም። ባለሥልጣኑ ያዳላል እያልኩ አይደለም። ውሳኔዎቹን እያነበባችሁ፣ ምክንያታቸውን እየጠየቃችሁ ትዘግባላችሁ ወይ ነው ጥያቄዬ። እስካሁን በብዛት የማየው የአዲስ ጥቅል ማስታወቂያ እንደ ዜና ሲነበብ ነው።

ነገ ጠዋት እያንዳንዳችሁ ከአካባቢያችሁ አንድ የደንበኛ ቅሬታ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ለማን እንደቀረበ፣ መልስ ስንት ቀን እንደፈጀ ጭምር። የዛሬው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በሁለቱ ኔትወርኮች መካከል ስለሚከፈለው የጥሪ ክፍያ ነው። ከቁጥር የምትሸሹ፣ እባካችሁ ከፊት ተቀመጡ። ሥልጠናው ተከፍቷል።